ማኅተሙ የማይነግረን፦ የሱቅ ዶሮ፣ ባክቴሪያውና ሕጉ

የፋሲካን ዋዜማ እናስታውስ። የ55 ቀኑ ጾም ሊፈታ ሰዓታት ቀርተውታል። ከዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ እስከ ሚኒያፖሊስ፣ ከለንደን እስከ ስቶክሆልም፣ አበሻ በሚኖርበት ቤት ሁሉ ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ይቁላላል። ዶሮው ግን እንደ አገር ቤቱ እግሩ ታስሮ፣ እየጮኸ ከገበያ የመጣ አይደለም። ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ነው። አሜሪካ ለምንኖረው ደግሞ በላስቲኩ ላይ አንድ ክብ ማኅተም አለበት። ማኅተሙ ዶሮው ለጤናማነቱ በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት መመርመሩን ይመሰክራል።

እኛም ማኅተሙን አይተን እናምናለን። የሚገርመው አብዛኞቻችን የመጣነው የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ገልብጠን ከምናይበት አገር ነው። እዚህ ስንደርስ ግን፣ ቢያንስ ስለምንበላው ነገር፣ ጥርጣሬያችንን ኤርፖርት ጥለነው ገብተናል።

ለመሆኑ ይህ ማኅተም ዶሮው ሳልሞኔላ ከሚባለው ባክቴሪያ ነጻ ነው ማለት ነው? መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ከዚህም አልፎ፣ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ሳልሞኔላ ያገኘበት ጥሬ ዶሮ፣ ማኅተሙ እንዳለ ሆኖ፣ በሕጋዊ መንገድ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል። ይህ ሐሜት ወይም የተቃዋሚ ወሬ አይደለም፤ በሕግና በፍርድ ቤት ውሳኔ የጸና አሠራር ነው። ዛሬ ይህን ጉዳይ እንዳስሳለን፤ ባክቴሪያው እንዴት እንደሚገኝ፣ ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ እኛስ በየቤታችንና በዜግነታችን ምን ማድረግ እንደምንችል።

ዓይን የማያየው፣ አፍንጫ የማያሸትተው

አሜሪካ የዶሮ ሥጋ ምርመራ ሕጓን ያወጣችው በ1957 ነው። በሕጉ መሠረት ከእርድ በኋላ እያንዳንዱ ዶሮ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ያልፋል። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ቁስልን፣ እብጠትን፣ የበሽታ ምልክትንና ኩስን ነው። በ2014 በወጣው አዲሱ የቁጥጥር ሥርዓት የእርዱ መስመር በደቂቃ እስከ 140 ዶሮ እንዲያሳልፍ ተፈቅዷል። ይህም በሴኮንድ ከሁለት ዶሮ በላይ ማለት ነው። ለሕግ አውጪዎቹ ፍትሐዊ እንሁንና፣ መስመሩ ቀስ ቢልም ሳልሞኔላ በዓይን አይታይም። ባክቴሪያው በዶሮው አንጀት ውስጥ ዶሮውን ሳያሳምም ሊኖር ስለሚችል ጤነኛ የሚመስል ዶሮም ሊሸከመው ይችላል።

"እኔ አሸትቼ አውቀዋለሁ" የሚሉ ባለሙያዎች በየቤታችን ሞልተዋል። እውነት ነው፣ የቆየ ዶሮ ይሸታል። ያንን ሽታ የሚያመጡት ግን በቅዝቃዜ ውስጥ ሥጋውን የሚያበላሹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ሳልሞኔላ ሽታም፣ ልጋግም፣ የቀለም ለውጥም ሳያሳይ ሊገኝ ይችላል። እንደ ማለዳ ጤዛ ትኩስ የሆነው ዶሮ ተሸካሚ፣ የሸተተው ደግሞ ከሳልሞኔላ ነጻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ በግሮሰሪ ከሚሸጥ 25 እሽግ ዶሮ አንዱ ሳልሞኔላ አለበት ይላል። በሳምንት አንድ እሽግ የሚገዛ ቤተሰብ፣ በሒሳብ ደረጃ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሳልሞኔላን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። እዚሁ ማዕከል ግምት መሠረት በአሜሪካ በየዓመቱ 1.35 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሳልሞኔላ ይታመማሉ፣ 26,500 ሆስፒታል ይገባሉ፣ 420 ይሞታሉ። ይህ ሁሉ ከዶሮ የመጣ ነው አንልም፤ ከአትክልት፣ ከእንቁላል፣ ከቤት እንስሳትም ይመጣል። ከምግብ ከሚመጣው ሳልሞኔላ ውስጥ ግን ሩብ የሚጠጋው ከዶሮና ከተርኪ እንደሚነሳ ይገመታል። ብዙው ሰው ከተቅማጥ፣ ከትኩሳትና ከሆድ ቁርጠት በኋላ በራሱ ይድናል። ሕፃናት፣ አዛውንትና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ወገኖች ግን ባክቴሪያው ወደ ደማቸው ሊገባባቸው ይችላል።

ቤተ ሙከራው እንዴት ያገኘዋል?

ታዲያ ዓይንና አፍንጫ ካልሠሩ ባክቴሪያው እንዴት ይገኛል? ዘዴው ከሚታሰበው በላይ ቀላል ሐሳብ ነው፤ አሳድገህ እየው የሚል ነው።

ሙሉ ዶሮው በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ይገባል። 400 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያን የማይገድል ፈሳሽ ይጨመርበትና እንደ ቅል ወተት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። በዶሮው ቆዳ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ፈሳሹ ይወርዳል። ናሙናው የሰውን የሰውነት ሙቀት በሚያህል ሙቀት ያድራል። ምክንያቱም በቅዝቃዜና በኬሚካል የተዳከሙ ጥቂት ባክቴሪያዎች መጀመሪያ መመገብና ማገገም አለባቸው። ቀጥሎ ሌሎቹን ተዋስያን አፍኖ ሳልሞኔላን ብቻ የሚያሳድግ ሌላ ፈሳሽ ውስጥ፣ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በልዩ ጄል በተሞላ ሳህን ላይ ይቀባል። በአንደኛው ዓይነት ሳህን ላይ ሳልሞኔላ ካለ፣ ቀይ ሆነው መሐላቸው እንደ ከሰል የጠቆረ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ዘመናዊው ዘዴ ደግሞ የባክቴሪያውን ዘረ መል አባዝቶ በፍጥነት ይለያል። ይሁን እንጂ የተረጋገጠ ውጤት እስኪወጣ ቀናት ይወስዳል፤ ትኩስ ዶሮ ግን ቀናት አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የእርድ ድርጅቶች ዶሮውን ባክቴሪያ በሚገድል ኬሚካል ያጥባሉ። ናሙናው ሲወሰድ የኬሚካሉ ቅሪት ከዶሮው ጋር ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ በመንገድ ላይ መግደሉን ይቀጥላል የሚል ሥጋት ተነሳ። ይህ ማለት ከዶሮው ጋር ወደ ገበያ የወጣው ሳልሞኔላ፣ ቤተ ሙከራ ሲደርስ "የለም" ሊባል ይችላል ማለት ነው። የምግብ ደህንነት ቁጥጥር አገልግሎቱ በጁላይ 2016 የኬሚካሉን ኃይል የሚያከሽፍ አዲስ ፈሳሽ መጠቀም ጀመረ። ምርመራ እንዴት እንደተደረገ ሳይጠየቅ "ተመርምሯል" የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

ከተገኘ በኋላ ያለው ምርመራ ደግሞ እንደ መርማሪ ፖሊስ ሥራ ነው። በ1996 በተጀመረው ፐልስኔት በሚባለው የቤተ ሙከራዎች መረብ አማካይነት ካሊፎርኒያ ከታመመ ሰው የተገኘ ባክቴሪያ፣ ኒውዮርክ ከታመመው ጋር ይነጻጸራል። ከ2019 ጀምሮ መረቡ የባክቴሪያውን ሙሉ ዘረ መል በማንበብ ይሠራል። የአንድ ሰው በሽታና የአንድ ፋብሪካ ዶሮ ዘመዳሞች መሆናቸውን እስከማረጋገጥ ተደርሷል። ስለዚህ ሳይንሱ አልደከመም። የደከመው ሌላ ነው።

"የቤት እመቤቶች ያውቁበታል"

የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር የግብርና ሚኒስትሩን ከስሶ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ጥሬ ሥጋና ዶሮ ላይ ያለው ማኅተም ሸማቹን ያሳስታልና ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት የሚል ነው። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1974 አልተቀበለውም። አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ የቤት እመቤቶችና ምግብ አብሳዮች ሞኞች አይደሉም፣ ምግብ እንዴት እንደሚበስል ያውቃሉ የሚል ነበር። ኃላፊነቱ ከፋብሪካው ተነስቶ በሴቲቱ ጓዳ ተራገፈ።

በሌላ በኩል፣ ሕጉ ከፈለገ መንቃት እንደሚችል በሐምበርገር ታይቷል። በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባሉት ምግብ ቤቶች በተሸጠ ሐምበርገር ሳቢያ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞቱ። ገዳዩ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለ ባክቴሪያ ነበር። በ1994 መንግሥት ይህ ባክቴሪያ የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ የበሬ ሥጋ መሸጥ አይችልም ሲል ወሰነ። ነጋዴዎቹ ከሰሱ፤ ተረቱ። "አብሳዩ ያብስለው" የሚለው መከራከሪያ ለበሬው ሥጋ አልሠራም።

ለሳልሞኔላ ግን ይህ አልሆነም። መንግሥት ብዙ ሳልሞኔላ የተገኘበትን አንድ የቴክሳስ የሥጋ ፋብሪካ ለማስቆም ሲነሳ፣ በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለፋብሪካው ፈረደ። ሳልሞኔላው ከጥሬ ዕቃው ጋር የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መኖሩ ብቻ ፋብሪካው ንጹሕ አለመሆኑን አያሳይም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለው የአፈጻጸም መለኪያ ጥርስ የለውም። በ2016 በወጣው መለኪያ መሠረት አንድ ፋብሪካ ከ52 የዶሮ ብልት ናሙናዎች ስምንቱ ሳልሞኔላ ቢገኝባቸው እንኳ መለኪያውን አልፏል ይባላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ወዳቂ፣ ተብሎ ስሙ ይወጣል። መውደቁ ብቻውን ግን አያዘጋውም።

የዚህን ዋጋ በ2013 እና በ2014 አይተናል። ፎስተር ፋርምስ ከተባለው የምዕራብ አሜሪካ ዶሮ አምራች ጋር በተያያዘው የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ29 ግዛቶችና በፖርቶ ሪኮ 634 ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። ከባክቴሪያው ዝርያዎች አንዳንዶቹ በርካታ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ነበሩ። ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ ያወጡት በኦክቶበር 2013 ነው። አንድ የተወሰነ ምርት ከአንድ ታማሚ ጋር በቀጥታ ተያይዞ ምርቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ የተደረገው ግን በጁላይ 2014 ነው። ዘጠኝ ወር! ልጅ ተጸንሶ የሚወለድበት ጊዜ ማለት ነው።

በኦገስት 2024 የግብርና መሥሪያ ቤቱ አዲስ ረቂቅ አቀረበ። በአንድ ግራም ወይም ሚሊ ሊትር አሥርና ከዚያ በላይ ሳልሞኔላ ያለበት፣ በተጨማሪም በጣም አደገኛ ከሆኑት ዝርያዎች አንዱ የተገኘበት ጥሬ ዶሮ እንዳይሸጥ የሚል ነበር። ኢንዱስትሪው ወጪው ይከብዳል፣ ብዙ ምግብ ይጣላል፣ ዋጋም ይንራል ሲል ተቃወመ። ይህም ክርክር ነውና መሰማት አለበት፤ ዶሮ ለድሃው ቤተሰብ ርካሹ ሥጋ መሆኑን እናውቃለን። የሸማቾች ተሟጋቾችና ታማሚ ቤተሰቦች በበኩላቸው ደገፉት። ረቂቁ ከሰባት ሺህ በላይ የሕዝብ አስተያየት ተሰጥቶበት በኤፕሪል 2025 በመንግሥት ተነሳ። በዱቄት ተለብጦና ተሞልቶ በጥሬው ለሚሸጥ የዶሮ ምርት ብቻ በ2024 የወጣ ጥብቅ ውሳኔ አለ፤ የእሱም ምርመራ የሚጀመርበት ቀን በ2025 ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

"ዶሮ እስካለ ሳልሞኔላ አለ" የሚሉን አሉ። ለእነዚህ ስዊድንን እናሳያቸው። በ1953 አልቬስታ በተባለው ከተማ ከአንድ ቄራ በተነሳ ሳልሞኔላ ወደ 9,000 ሰዎች ታመው 90 ያህል ሞቱ። ስዊድን ከዚያ ተነስታ ከእርባታው ጀምሮ የሚመረምር ሥርዓት ዘረጋች። ሳልሞኔላ የተገኘበት የዶሮ መንጋ ለገበያ አይቀርብም፤ ይወገዳል። በ1995 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆንም ወደ አገሯ የሚገባው የዶሮ ሥጋ ተመርምሮ እንዲመጣ የሚያስገድድ ልዩ ዋስትና አስፈቅዳ ነው የገባች። በስቶክሆልም የምትኖሩ ወገኖች የምትገዙት ዶሮና እኛ አሜሪካ የምንገዛው ዶሮ አንድ ዓይነት ወፍ ነው። ልዩነቱ ያለው ከምርመራው በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

የእንግሊዝ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው ችግር ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ነው። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከሱቆች ከ4,000 በላይ ሙሉ ዶሮ ገዝቶ አስመረመረ። ከመቶ 73ቱ ባክቴሪያው ተገኘባቸው፤ ከመቶ 19ኙ ከፍተኛ መጠን፣ በአንድ ግራም ከ1,000 በላይ፣ ነበረባቸው። ከመቶ ሰባቱ ላይ ደግሞ በእሽጉ ውጫዊ ገጽ ጭምር ተገኘ። ኤጀንሲው ታዲያ ምን አደረገ? ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ የትኛው ሱፐርማርኬት ምን ያህል እንደሆነ በስም ዘርዝሮ አወጣ።

ያኔ እነዚያ ታላላቅ ሱቆች ከእንቅልፋቸው ነቁ። ከአቅራቢዎቻቸው ጋር ስለ ንጽሕና፣ ስለ እሽግና በጣም የተበከለውን የአንገት ቆዳ ስለ መቁረጥ መሥራት ጀመሩ። እንዲያውም አንዳንዶቹ የአንገቱን ቆዳ ሲያነሱ፣ ኤጀንሲው የሚመረምረው ያንኑ ቆዳ ስለነበር ውጤቱን ማነጻጸር አልተቻለምና በ2016 ጥናቱን ለጊዜው አቁሞ ዘዴውን ለወጠ። ያም ሆኖ ኤጀንሲው በ2016 የካምፒሎባክተር ታማሚዎች በ100,000 ያህል መቀነሳቸውን ገምቷል። ሌላ አዲስ ሕግ ሳይወጣ፣ ስም በአደባባይ ስለተጠራ ብቻ የመጣ ለውጥ ነው። እኛ ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት ስንት ዓመት ስንጮህ የኖርን ሰዎች ይህን ምሳሌ ልብ ልንለው ይገባል።

ወደ ጓዳችን እንመለስ

ሕግ እስኪስተካከል ግን ዶሮው ዛሬ ይሠራል። እዚህ ላይ ራሳችንን እንፈትሽ። እናቶቻችን ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመው የሚያጥቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በቤት ታርዶ በቤት የተነጨ ዶሮ ላባና ደም ይቀርበታል፤ ማጠብ ግድ ነው። በደንብ ያልታጠበ ዶሮም የባለሙያዋን ስም ያጠፋል። የሱቁ ዶሮ ግን ተነጭቶና ታጥቦ የመጣ ነው። በላዩ ያለውን ሳልሞኔላ ሎሚው አይጨርሰውም። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ከቆዳው አንስቶ ሲንኩ ላይ፣ መክተፊያው ላይና አጠገቡ ባለው ዕቃ ላይ ይረጨዋል።

በ2019 የግብርና መሥሪያ ቤቱ ይፋ ባደረገው ጥናት ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ የተቀባ ዶሮ ለሰዎች ተሰጥቶ እንዲያበስሉ ተደረገ። ዶሮውን ካጠቡት ከመቶ 60ዎቹ ሲንካቸው ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ሲንኩን አጽድተናል ካሉ በኋላ እንኳ ከመቶ 14ቱ ላይ ነበረ። ከመቶ 26ቱ ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣቸው አሻገሩት። ዶሮውን ያላጠቡትም ቢሆኑ ከመቶ 31ዱ ሰላጣቸውን በክለዋል፤ እጃቸውን በሚገባ ባለመታጠባቸው እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ አለማጠብ ብቻውን አያድንም፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ይቀድማል።

መልካሙ ዜና ወጣችን ራሱ ጠንካራ መሆኑ ነው። ሳልሞኔላ ሥጋው ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካኖቹ 165 ፋራናይት፣ ሲደርስ ይሞታል። በቁሌቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚንተከተክ ዶሮ ከዚህ በላይ ይደርሳል። አደጋው ከድስቱ ውጭ ነው፤ ሳይበስል በሚበላው ሰላጣ፣ ከወጡ ጎን በሚቀርበው አይብ፣ ወጥ ከመቅመስ ወደ ብልት ማገላበጥ በምትመላለሰው እጅ። ሰላጣውና አይቡ አስቀድመው ተዘጋጅተው ይነሱ፤ ዶሮው መጨረሻ ላይ ይምጣ። "ሳላጥብ አንጀቴ አይችልም" የምትሉ፣ የቧንቧ ውሃ ሳትለቁበት በሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በቀስታ እሹት፤ ውሃውን ሳይረጭ ድፉት፤ ከዚያም ሲንኩን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥባችሁ በተበጠበጠ በረኪና አብሱት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችንም ከብራዚል በብዛት የሚገባውን በረዶ የሆነ ዶሮ በየቀኑ የምትነኩት እናንተ ናችሁ። በረዶ ሳልሞኔላን አይገድለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ዶሮው በፍሪጅ ውስጥ፣ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይሟሟ። የሚንጠባጠበውን ውሃ እንደ መርዝ ቁጠሩት።

የእኛ ድርሻ

ወደ ማኅተሙ እንመለስ። በአሜሪካ ዶሮ እሽግ ላይ ፒ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥር የፋብሪካው መለያ ነው። የቁጥጥር አገልግሎቱ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየትኛው ደረጃ እንዳለ በድረ ገጹ ያወጣል። ቁጥሩን ፈልጎ ሦስተኛ ደረጃ የሆነውን ፋብሪካ ዶሮ አለመግዛት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የዶሮ ምርት ለበዓል በብዛት የሚያስመጡ የአበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም ይህንኑ አቅራቢያቸውን ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ከአንድ ሰው ድምፅ በላይ ይሰማል።

ከዚህም በላይ፣ ብዙዎቻችን ዜግነት ወስደን የምንመርጥ ሰዎች ነን። የአገር ቤቱን ጉዳይ ይዘን የኮንግረስ አባላትን ቢሮ ማንኳኳት ለምደናል፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ሰልፍ መውጣት አልቸገረንም። ለልጆቻችን ገበታ ግን አንድ ደብዳቤ ጽፈን እናውቃለን? በ2024ቱ ረቂቅ ላይ አስተያየት ከሰጡት ውስጥ ስንቶቻችን ነበርን? የሚቀጥለው ረቂቅ ሲመጣ የዶሮ ነጋዴዎቹ ጠበቆች እንደሚገኙ እርግጠኞች ነን። እኛስ?

ቤተ ሙከራው ባክቴሪያውን ያገኘዋል። ውጤቱን በስም አውጥቶ ሻጩን የሚያስጠይቀው ግን ሕዝብ ነው። ማኅተሙ እስኪናገር ድረስ ጠያቂው እኛው እንሁን።

ቸር እንሰንብት።